ከስግድ በኋላ ዝናብ የለም

እሑድ፣ ኖቬምበር 5

ሙቀት። ኖቬምበር ገብቶም ላብ በላብ። ኤቨን የሁዳ፣ የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ እዚህ ጋን የሚሉት፣ ያሉት ልጆች ዛሬም በቁምጣ ናቸው። አንዷማ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ውስጥ ተዘርፍጣ "ማናለሽ፣ ባሕር እንሂድ" ትለኛለች። ወይ አንቺ! እኔስ መች ጠላሁ።

ቤት ገባሁ። ልብስ አጠብሁ። የመጨረሻውን አስጥቼ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ደረቀ። ዘመዱ ከፋብሪካ መጣ፣ በላ፣ ተጋደመ። ባሌ እንዲህ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል "ትንሽ ልረፍና እናጠፋዋለን" የሚል ሰው።

እኔ ግን መቀመጥ ከየት ይምጣ! ኤስቲዬ ልትዳር ነው። የመጀመሪያ ልጄ! ኖቬምበር ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ። እልል ልበል ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም።

እሷ የፈለገችው ኡላም ነበር፤ ያንን መብራቱ የሚብለጨለጨውን የሰርግ አዳራሽ። አባባ እምቢ አሉ። "የልጅ ልጄ የምትዳረው በዳስ ነው።" እንግዲህ ከሕንጻችን ፊት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ዳስ ሊጣል ነው። ቀኑንም የቆረጡት እሳቸው ናቸው። "ከስግድ በዓል በኋላ ይሁን። እህል ገብቷል፣ ሰማይ ጠርቷል። ከስግድ በኋላ ዝናብ የለም።"

አባባ፣ ይኸ እኮ የወገራ ሰማይ ነው፤ እዚህ ዝናቡ የሚጀምረው ያኔ ነው... አልሁ? ምን በወጣኝ! ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ እስራኤል አገር ኖረው ሰማዩን ግን ከወገራ ተሸክመውት የመጡ ሰው ናቸው። ደግሞስ ዛሬ ፀሐይ ነው። ማን ያውቃል?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

አንድ ዳስ መስሎኝ። ሁለት ነው! በቀኝ የኛ፣ በግራ የሙሽራው ወገን። መሐሉ ላይ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ።

"ለምን አባባ?" አልሁ፣ እያወቅሁ።

"ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። ሙሽራው ናኦር ወርቅ ልጅ ነው። ከአባቱ ከጎበዜና ከእናቱ ከውባንቺ ጋር ከመጡ አራት ዓመታቸው። ነገሩ የልጁ አይደለም፤ የጎበዜም አይደለም። የጎበዜ አባት፣ የሟቹ የአየልኝ ነው። አባባና አየልኝ በአንድ መንደር፣ አጥር ለአጥር ያደጉ፣ አብረው ያረሱ፣ አብረው የሸመኑ። አንድ ቀን አየልኝ የኛን የቤተ እስራኤልን ሃይማኖት ጥሎ፣ ለማንም ሳይናገር ሄዶ ክርስትና ተነሣ። መሬት ይሰጡሃል ብለውት ነው አሉ። ለባልንጀራው እንኳ ሳይናገር! አባባ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተው አያውቁም። እኛ በሱዳን በኩል ስንወጣ የእነ አየልኝ ቤተሰብ እዚያው ቀረ።

"ልጁ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ተመልሷል። ያግባ፣ ይውለድ፣ እመርቃለሁ" አሉ አባባ። "ከአየ... ከዚያ ሰው ልጅ ጋር ግን በአንድ ዳስ አልቀመጥም። ያሳረደውንም አልቀምስም። እኔ የምበላው ቄሳችን የባረከውን ነው።"

ለኤስቲ በስልክ ነገርኋት። አለቀሰች። "ዳይ፣ እማ! በቃ! ሰርግ ነው ወይስ ድንበር?" ምን ልበላት? እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ከአማቾቼ ጋር ቁጭ ብለው እህል ሲቀምሱ ማየት። ጌጡም ዘፈኑም ይቅርብኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13

የጋኑ መምህርት ሲቫን ጋዜጣ ይዛ መጣች። "ማናለሽ፣ ሰርጋችሁ መቼ ነበር?" ነገርኋት። ፊቷ ተለወጠ። "ስሚ እስቲ" ብላ አነበበችልኝ። የመጸው መጨረሻ የአየር ትንበያ... ከወሩ አጋማሽ በኋላ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ አየር ሊገባ ይችላል፣ በባሕሩ ዳርቻ ዝናቡ ከወትሮው ሊበዛ ይችላል፣ ተራራው ላይ ብርዱ ሊጠነክር ይችላል።

"ይችላል" ነው እንግዲህ ያለው። ይዘንባል አላለም። ይቺን ይዤ ተጽናናሁ።

ማታ ቴሌቪዥን ከፈትሁ። አንደኛው ጣቢያ ላይ ያለው ሰውዬ ደመና ያሳያል። ጠላሁት። ቀየርሁ። ሌላው ጣቢያ ላይ ያለችው ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ በፀሐይ አደረገችው። ተባረኪ! ጸጉርሽም ሲያምር።

ዘመዱ ከተጋደመበት ይስቅብኛል። "አንቺ፣ ትንበያ ነው የምትሰሚው ወይስ ሽማግሌ እየመረጥሽ ነው?"

"ዝም በል። ይቺ ሴትዮ የኛ ወገን ናት።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 16

ጎበዜ አባባ ቤት መጣ። ብቻውን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ። እኔ ወጥ ላደርስላቸው ሄጄ አገኘሁት። ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ተቀመጥ ያለው የለም።

"አባባ፣ አንድ ዳስ ይሁንልን። እኛ በሩ አጠገብ እንቀመጣለን። ሥጋውንም እርስዎ ያሉት ቄስ ይባርከው።"

አባባ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ። ዕብራይስጡ እንደሁ አይገባቸው። የመኪና ማስታወቂያ እኮ ነው!

"አባባ..." አልሁ እኔ።

"ተናግሬያለሁ።"

ጎበዜ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ወጣ። ደረጃው ላይ ደረስሁበት። "ጋሼ ጎበዜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ..."

"ተይው እታለም። እውነት አላቸው። አባቴም እንዲሁ ይል ነበር።"

ምን ነበር የሚለው? ልጠይቀው ስል አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ።

ተናድጃለሁ! ትልቅ ሰው ደጅ ቆሞ ሲለምን እንዲህ ይደረጋል? ወጡን ሳላሞቅላቸው ጥያቸው ወጣሁ። ደግ አደረግሁ! ... ኋላ ደውዬ "ድስቱን ጣዱት፣ እሳቱን ቀነስ አድርጉ" አልኋቸው። "እሺ" አሉ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 19

ኤስቲ ቀሚሷን ለካች። ክንዷ ባዶ ነው፣ ጀርባዋም። "ብርድ ቢሆንስ?" አልሁ። "እማ፣ ማ ፒቶም? ምን ብርድ? ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው።" ውነቷን ነው። መስታወቱ ውስጥ ሳያት... እሷ ናት ወይስ እኔ? እኔማ በመንገድ ነው ያገባሁ፤ ሱዳን፣ መጠለያ ውስጥ፣ በሰው ነጠላ። እሷ ግን ንግሥት። የሱቁ ሴትዮ ፊት እልል አልሁ። ደነገጠች፣ ምስኪን።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ስግድ። ከአባባ ጋር ኢየሩሳሌም ውለን መጣን። ጾም፣ ነጭ በነጭ፣ የቄሶቹ ባለቀለም ጃንጥላ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ኮረብታው ላይ። ሰማዩ ታጥቦ የተወለወለ ሳሕን። አንዲት ደመና የለችም! ጸሎቱ አልቆ ጾማችንን ስንፈታ አባባ ወደ ላይ አዩ።

"አየሽ?"

"አየሁ አባባ።"

ልቤ ጮቤ ረገጠ! ሴትዮዬ ልክ ነበረች። ያ ደመና ወዳጅ ሰውዬ ይፈር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ጉድ ፈላ! ሴትዮዋም ከዳችኝ። ሁሉም ጣቢያ አንድ ቃል ሆነ፤ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። ነፋስ፣ ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ ሙቀቱ በአንድ ቀን ወርዶ ይከሰከሳል። ካርታው ላይ ያ ሰማያዊ ነገር እየተሽከረከረ መጥቶ ናታንያ፣ እኛ ከተማ ላይ አረፈ። ከአገሩ ሁሉ እኛን መረጠ?

ኡላም ፍለጋ ደወልን። የተያዘ፣ የተያዘ፣ የተያዘ። ቀን እንለውጥ? እንግዳው ከአፉላ፣ ከአሽዶድ፣ ከቂርያት ጋት ተጠርቷል። አባባ ዘንድ ሮጥሁ።

"የተጠራ ቀን አይመለስም" አሉ። "ትናንት ሰማዩን አላየሽም?"

"አባባ፣ ትናንት ትናንት ነው!"

"እግዜር ያውቃል። ካርታ ምን ያውቃል?"

"እሺ ይሁን። እንግዲያው አንድ ዳስ አድርገን ጠበቅ አርገን እንሥራው።"

"ሁለት።"

ኧረ ወገኖቼ! ከግድግዳ ጋር ብከራከር ይሻል ነበር። ግን ምንድን ነው ደግሞ ይኸ... ደጋግሜ መስኮት ከፍቼ ሰማይ አያለሁ። ፍርሃት ብቻ አይደለም። የሆነ ነገር ሊመጣ ነው። ልጅ ሆኜ ነጎድጓድ ሲቃረብ እንዲህ ያደርገኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 22

ዳሶቹ ቆሙ። ጊል፣ ወንዱ ልጄ፣ ከሠራዊቱ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ከናኦር ጋር ብረት ያቆማሉ፣ ሸራ ይወጥራሉ፤ አንዴ የኛን፣ አንዴ የእነሱን። እየተሳሳቁ። እነሱ ቀኝና ግራ አያውቁም።

የታችኛው ፎቅ ሚርያም፣ የሕንጻችን ኮሚቴ፣ በመስኮት ታያለች። ሞሮኳዊት ናት፣ ምላሷ እንደኔ። "ማናለሽ፣ ካፓራ፣ ነፍሴ፣ ትንበያ አልሰማሽም? አብደሻል?"

"አባቴን ጠይቂልኝ።"

"የሚቅላቱን በር ልክፈትልሽ?" ከሕንጻችን ሥር ያለውን የቦምብ መጠለያ ማለቷ ነው።

"አታሟርቺብኝ!" አልኋት። ሰርግ ለቦምብ መጠለያ? ምራቄን እንትፍ አልሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 23፣ ጧት

ፀሐይ! ፀሐይ! ፀሐይ! ጫማዬ የት ገባ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 24

ከየት ልጀምር? ድምፄ ተዘግቷል፣ እግሬ አብጧል፣ ጸጉሬ ውስጥ አሁንም ዳቦ አለ። ደስ ብሎኛል! እስቲ በሥርዓት ልጻፈው።

ሑፓው፣ የጋብቻው ቡራኬ፣ በሰላም ሆነ። ራቢው ነፋሱ ጢሙን እየበተነበት ቶሎ ቶሎ አነበበ። ናኦር እንደ ወጉ ብርጭቆውን ረገጠ፣ ተሰበረ። እልልታ! ዘመዱ፣ ያ ምንም የማይነቀንቀው ሰውዬ፣ እንባው በአገጩ ይወርዳል። በባሕሩ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ማንም አላየም። ወይም ሁሉም አይቶ ዝም አለ።

ከዚያ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። በቀኝ አባባ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር፣ በግራ ጎበዜ ከወገኑ። ሙሽሮቹስ? መሐሉ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመው ቀሩ። የት ይግቡ? ኤስቲ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ያኔ መጣ። መጀመሪያ ነፋሱ፣ ከባሕሩ ገደል በኩል፣ በሕንጻዎቹ መሐል እየጮኸ። የኛ ዳስ ሸራ አንዴ ተነፋ፣ ሁለተኛ ተነፋ፣ ሦስተኛው ላይ ብድግ ብሎ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ሄደ! ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተሰቀለ። የእነ ጎበዜ ወገን ለመሳቅ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ የእነሱም ምሰሶ ጋደል አለና ተኛ። ከዚያ ዝናብ። ከዚያ በረዶ፣ ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል። ሴቱ ይጮኻል፣ ሽማግሌው ጋቢውን በራሱ ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጥ ብሎ ሞተ። እኔስ? ስስቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ!

ሚርያም ደጁ ላይ ቆማ ቁልፍ ታወዛውዛለች። "ያላ! ወደ ሚቅላት! ሁሉም!" ያገኘነውን ድስት፣ ያገኘነውን ሞሰብ አንሥተን ሮጥን። የማን ድስት? ማን ይጠይቃል! ጊል አባባን እንደ ሕፃን ታቅፏቸው ወረደ። "አውርደኝ! አውርደኝ!" ይላሉ።

ታች አንድ ክፍል ነው። የሲሚንቶ ግድግዳ፣ አሮጌ ብስክሌቶች፣ የተቀደደ ሶፋ። ቀኝ የለ፣ ግራ የለ። ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን። ሶፋው ላይ አባባን አስቀመጥን። አጠገባቸው አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ተርፏል። ሕዝቡ ገፍቶ ገፍቶ ማንን ጣለበት? ጎበዜን! ለመነሣት ሞከረ፤ መቆሚያ የለም። ሁለቱም ወደፊት እያዩ ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

ውባንቺ ለአባባ ወጥ ጨልፋ አቀረበች። አባባ ሳሕኑን አዩ።

"ይኸ ከየትኛው ዳስ ነው?"

እኔ "ከኛ ነው" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልዋሽ ነበር! በልጄ ሰርግ! ውባንቺ ቀደመችኝ።

"የኛ ነው፣ አባባ። የእርስዎ ድስት ውጭ ቀርቷል። አላታልልዎትም።"

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። "እውነት ተናገርሽ" አሉ። ሳሕኑን ግን ወደ ጎን አደረጉት። አለቀ፣ አልሁ በልቤ።

ጎበዜ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ "አባቴም ያውቀው ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"'ብዙዓየሁ ከእጄ እህል አይቀምስም፤ እውነት አለው' ይል ነበር።"

ብዙዓየሁ የአባባ ስም ነው። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመን! አባባ ወደ ጎበዜ ዞሩ።

"ሌላስ ምን ይል ነበር?"

"ብዙም አይናገርም። እናንተ ከሄዳችሁ መንደሩ ባዶ ሆነ። መቃብራችሁን ሣር ዋጠው፣ ከብት ይረግጠው ጀመር። አባቴ ክረምት በወጣ ቁጥር ማጭድ ይዞ ይወርዳል። የአባትዎን መቃብር ያርማል፣ ድንጋዩን ያቃናል፣ ዙሪያውን በእሾህ ያጥራል። ሰው ይስቅበታል። 'ብዙዓየሁ ሲመለስ ምን እለዋለሁ?' ይላል። እስኪሞት አልተወም። እኛም ወደዚህ እስክንመጣ እሱ ያደርግ የነበረውን አደረግን።"

በላያችን በረዶው ብቻ ይሰማል።

"ይኸን ለምን አልነገርኸኝም?" አሉ አባባ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

"አባባ... መቼ ተቀመጥ ብለውኝ?"

ወይኔ አባቴ! ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እናቴን በሱዳን መንገድ ስንቀብር እንኳ ሲያለቅሱ አላየሁም። ሚርያም ቋንቋው ሳይገባት እሷም ታለቅሳለች።

ከዚያ "ዳቦ አምጡ" አሉ።

ዳቦው ዝናብ መትቶታል። ተነሥተው ባረኩ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ ግን ጨረሱት። ቆረሱ። የመጀመሪያው ቁራሽ በወጋችን ለታላቅ ሽማግሌ ነው የሚሰጥ። ለጎበዜ ሰጡት።

"ይኸ የአየልኝ ድርሻ ነው።"

ስሙን ጠሩት! ጠሩት! እልል ያልሁት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የጮኸው የኔ ድምፅ ነው። ከዚያ የተነሣው እልልታ፣ የተመታው ድስት፣ የወረደው እስክስታ... ኤስቲ በዚያ ቀሚስ፣ የጊልን የሠራዊት ጃኬት ደርባ፣ ከአማቷ ጋር ስትጨፍር። ያ ሲሚንቶ እንዴት እንዳልተሰነጠቀ!

ሥጋውን ግን አባባ አልቀመሱም። አባባ አባባ ናቸው። ይሁን።

እሑድ፣ ኖቬምበር 26

ብርድ። ዝናቡ አባርቶ ጥርት ያለ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ። ጋን ውስጥ ሕፃናቱ ሁሉ በካፖርት ተጠቅልለው መራመድ አቅቷቸዋል።

ከሥራ መልስ ለአባባ የሱፍ ካልሲ ይዤ ሄድሁ። በሩ ቁልፍ! አንኳኳሁ፣ የለም። ደወልሁ፣ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ብቅ አለች። "ጧት አውቶቡስ ሲጠብቁ አይቻቸዋለሁ፣ ከዘራቸውን ይዘው።"

አውቶቡስ? አባባ? ያለ እኔ ሱፐር እንኳ ሄደው የማያውቁ ሰው! በዚህ ብርድ! ሐኪም ቤት ይሆን? ምኩራብ ደወልሁ፣ የሉም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ... አይሆንም፣ አልሁ። ግን ሄድሁ።

እነ ጎበዜ መሐል ከተማ ነው የሚኖሩ፣ ከአደባባዩ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃው ላይ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ። የአባባ ድምፅ! ተጣሉ! ከሦስት ቀን በኋላ ተጣሉ! ሳላንኳኳ በሩን በርግጄ ከፈትሁት።

አባባ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሶፋው ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። "ምንጩ ከሾላው በታች ነው እያልሁህ!" ይላሉ።

ጎበዜ "በላይ ነው አባባ! እኔ እኮ ከዚያ የወጣሁ ትናንት ነው!"

"ያን ምንጭ የቆፈርነው እኔና አባትህ ነን! አንተ ያኔ የት ነበርህ?"

ውባንቺ ማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ በሳቅ ትፈርሳለች። ፊታቸው አንድ ትሪ አለ። ባዶ ነው። ምን እንደበሉ አልጠየቅሁም።

አፌን ከፍቼ ደጁ ላይ ቀረሁ፣ ካልሲው በእጄ። አባባ ዘወር ብለው ገና አሁን አዩኝ።

"ምን ትገተሪያለሽ፣ ማናለሽ? ግቢና በሩን ዝጊው። ብርዱን ቤታችን ታስገቢብናለሽ!"